ናይሮቢ፣ ኪጋሊ ወይስ አውሮፓ? ከሐዋሳ ተነስተው ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ተማሪዎች ጉባኤ ለሚሄዱ

አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው አጠገብ፣ አራት ሆነን አንድ ሰሃን ጥብስ ዓሣ ስንሻማ ነው ነገሩ የተጠነሰሰው። የነርሲንግ ተማሪዋ ጓደኛችን ጣቷን በሶፍት ጠርጋ ስልኳን አወጣችና ሦስት ጥሪዎች አሳየችን። አንዱ ጉባኤ ናይሮቢ፣ ሁለተኛው ኪጋሊ፣ ሦስተኛው አንድ የአውሮፓ ከተማ። ቀኑንም ሆነ ወጪውን ማንም ሳያነብ የሁላችንም ጣት ያረፈው በሦስተኛው ላይ ነበር። ፎቶው ላይ በረዶ የለበሰ አደባባይ ይታያል፤ ክርክሩን ያሸነፈው እሱ ይመስለኛል።

ከአምስት ወር በኋላ ከአራታችን ሁለቱ ቪዛ አገኙ፣ ሁለታችን ተከለከልን። የተፈቀደላቸውም እኛን ትተው ለመሄድ ሲያመነቱ ሰነበቱና አንዱ ሄደ፣ አንዷ ቀረች። የሄደው ብቻውን ተነሥቶ የላከልን ፎቶ አለ፤ ያ በረዷማ አደባባይ ላይ ቆሞ የሚስቅ አይመስልም። በሚቀጥለው ዓመት ናይሮቢ ሄድን፣ አራታችንም።

ይህን የምጽፈው ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተመሳሳይ ስልክ ከበው ለተቀመጡ ተማሪዎች ነው። የጉባኤዎቹን ይዘት ለማወዳደር አልሞክርም፤ የአየር ንብረትም ሆነ የጤና ወይም የሥራ ፈጠራ ጉባኤ የሚሻለውን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የማወዳድረው መንገዱን ነው። ሚዛኔም አንድ ነው፦ ቡድናችሁ ሳይበተን የሚደርሰው የት ነው? ብቻውን ለሚሄድ ሰው ይህ ጽሑፍ ብዙም አይጠቅመው።

ደብዳቤው መቼ ይደርሳል?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል። በቪዛ መስኮት ፊት ግን ድሩ ተፈትቶ ክሩ አንድ በአንድ ነው የሚመዘነው። አራት ጓደኛሞች በአንድ ቀን፣ በአንድ የግብዣ ደብዳቤ፣ በአንድ ሆቴል ማስያዣ ብታመለክቱም፣ ውሳኔው አራት ነው። የአንዳችሁ አባት መንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሌላው ወላጆች አለታ ወንዶ ቡና አምራች ሆነው በዓመት አንዴ፣ ያውም በእጅ፣ ገንዘብ የሚያዩ ይሆናሉ። ሁለተኛው ቤተሰብ ከመጀመሪያው የበለጠ ሀብት ሊኖረው ይችላል። የባንክ ሒሳብ መግለጫው ግን ይህን አይናገርም።

ስለዚህ ሁለት ጉባኤ ስታወዳድሩ መጀመሪያ የምትመለከቱት የተቀባይነት ደብዳቤው ከመክፈቻው ቀን ስንት ወር ቀድሞ እንደሚደርስ ነው። ብዙ አዘጋጆች ይህን በጥሪያቸው ላይ ይጽፉታል፣ ብዙ አመልካች ግን ዘልሎት ያልፋል። ቪዛ በማያስፈልግበት አገር አምስት ሳምንት ይበቃል። ቪዛ በሚያስፈልግበት፣ በተለይ ወደ አውሮፓ፣ አራት ወር እንኳን ትንፋሽ የሚሰጥ አይደለም።

ቀጥላችሁ አዘጋጁን በኢሜይል አንዲት ጥያቄ ጠይቁት፦ «ቪዛ ብንከለከል የምዝገባ ክፍያችን ይመለሳል ወይ?» መልሱ ከገንዘቡም በላይ ይነግራችኋል። ከአፍሪካ ተማሪዎችን አዘውትሮ የሚጋብዝ ሰው ጥያቄውን ያውቀዋል፣ መልሱም ዝግጁ ነው። ጥያቄው አዲስ የሆነበት ወይም ዘወርዋራ መልስ የሚሰጥ ከሆነ እኛን የሚመስል ተሳታፊ አስተናግዶ አያውቅም፣ ወይም ደግሞ የፈለገው ክፍያውን ብቻ ነው። «ተመርጣችኋል፣ እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ በሦስተኛው መስመር ላይ ዶላር የሚጠይቅ፣ የሚያስተናግደው ዩኒቨርሲቲ ወይም ማኅበር ስሙ የማይታወቅ፣ ጉባኤው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሁለት ቀን ቆይቶ ቀሪው «የከተማ ጉብኝት» የሆነ ጥሪ ሲያጋጥማችሁ ስልኩን ዘግታችሁ ዓሣችሁን ብሉ።

ናይሮቢ፦ በየብስ የሚደረስበት

ከሐዋሳ ልጆች አንፃር ናይሮቢ የራሷ የሆነ ጥቅም አላት፤ አዲስ አበባ መሄድ ሳያስፈልግ የሚደረስባት የውጭ ከተማ ናት። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ተዘርግቶ የታሰበው የአፍሪካ አውራ ጎዳና በከተማችን በኩል ያልፋል። ከሐዋሳ በዲላ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ቡሌ ሆራና ያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ናይሮቢ ድረስ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ለአራት ሰው ቡድን ከማንኛውም ማራኪ ፎቶ ይበልጣል፤ ፓስፖርት ያለው ሁሉ ይሄዳል ማለት ነውና።

ሞያሌ ላይ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በይፋ የተመረቀ የጋራ የድንበር ኬላ አለ። የአንዱን አገር የመውጫና የሌላውን የመግቢያ ሥርዓት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ትጨርሳላችሁ። እኛ ስንደርስ ከኬላው ይልቅ ያስገረመን መንገዱ ነው። ድንበሩን እንዳለፍን መኪናው ወደ ግራ ተሻገረና በዚያው ቀጠለ። የምህንድስና ተማሪው ጓደኛችን ከተቃራኒ አቅጣጫ መኪና በመጣ ቁጥር መቀመጫውን ጨብጦ እስከ ማርሳቢት ተጓዘ።

ጉዳቱን ልናገር። አንደኛ ድካሙ ነው። ሁለት ቀን ያህል በአውቶቡስ ተቀምጣችሁ በሦስተኛው ቀን ጠዋት መድረክ ላይ ቆሞ ጥናት ማቅረብ ለማንም አልመክርም፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ናይሮቢ ተኝታችሁ ጀምሩ። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ከቡሌ ሆራ ወደ ደቡብ ያለው መንገድ ጸጥታው ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለያያል። በዚያ መስመር የሚሠሩ ሾፌሮችን ሳትጠይቁ ቀን አትቁረጡ። መናኸሪያው ውስጥ ቲኬት ቆራጩ «ሰላም ነው» ቢል አይበቃም። ትናንት ከሞያሌ የመጣውን ሾፌር ፈልጉ። እሱ ፊቱን ካጠቆረ ወይም አንዱ ወላጅ «በየብስ አይሆንም» ካሉ ክርክር ውስጥ አትግቡ፤ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ያኔ ግን የናይሮቢ የዋጋ ብልጫ ይቀንስና ከኪጋሊ ጋር እኩል ሜዳ ላይ ትቀመጣለች።

ናይሮቢ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራምና የከተሞችና የሰዎች መኖሪያ ፕሮግራሙ (ዩኤን-ሃቢታት) ዋና መሥሪያ ቤቶች ያሉባት ከተማ ናት። ስለዚህ በአካባቢ፣ በውሃና በከተማ ልማት ዙሪያ የሚዘጋጅ የተማሪዎች ስብሰባ አይጠፋባትም። ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ብክለት ወይም ስለ ወንዶ ገነት ደን የሠራችሁት የመመረቂያ ጥናት መሳቢያ ውስጥ ከተኛ፣ የሚነቃው እዚያ ነው።

በገንዘብ በኩል ኬንያ ኤምፔሳ የተባለው የሞባይል ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራባት አገር ናት። ቆሎ የሚሸጥ ልጅ ሳይቀር በስልክ ይቀበላል። በፓስፖርት የአገሩን ሲም ካርድ አውጥቶ መመዝገብ የመጀመሪያው ቀን ሥራችሁ ይሁን።

ኪጋሊ፦ ለፈሪ ወላጆች የምትሆነው

ሩዋንዳ ለአፍሪካውያን በሯን የከፈተች አገር ናት። ፕሬዚዳንት ካጋሜ እ.ኤ.አ. በ2023 የማንኛውም የአፍሪካ አገር ዜጋ ያለ ቪዛ መግባት እንደሚችል በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ የቡድኑ አንድነት እዚህም አይነካም። ልዩነቱ በየብስ የማይሞከር መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅ ቀጥታ በረራ አለ፤ ሰዓቷም ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው።

ሴት ልጃቸውን ብቻዋን ወደ ሌላ ከተማ ልከው የማያውቁ እናት ካሉባችሁ ኪጋሊን አስቀድሙ። ከተማዋ ንጹሕና ጸጥ ያለች ናት፤ የሞተር ብስክሌት ታክሲ ላይ እንኳን ተሳፋሪ ሄልሜት ያደርጋል። ትልቁ የስብሰባ ማዕከሏ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተ ሲሆን ጉባኤ ማስተናገድ የከተማዋ ዋነኛ ሥራ ሆኗል። በዚህ ምክንያት የአዘጋጆቿ ደብዳቤ፣ የአቀባበልና የትራንስፖርት ነገር ከብዙ ቦታ የተስተካከለ ነው። ጉድለቷ ዋጋው ላይ ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬቱን በአራት ስታባዙት በየብስ ናይሮቢ ደርሶ ከመመለስ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ለሁለቱም ከተሞች የሚሆን አንድ ማሳሰቢያ፣ እናቶቻችንን የሚመለከት። ሩዋንዳ የፕላስቲክ ከረጢትን እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ ደግሞ በኦገስት 2017 አግደዋል። የእኛ አገር ስንቅ ደግሞ በፌስታል የሚታሰር ነው፤ በሶው በአንዱ፣ ዳቦ ቆሎው በሌላው፣ የተፈጨው ቡና በሁለት ፌስታል ተደራርቦ። ሁሉንም ወደ ጨርቅ ከረጢትና ወደ ጣሳ አዛውሩ። አንዷ ጓደኛችን እናቷ የቋጠሩላትን አምስት ፌስታል ሞያሌ ላይ እያንጠባጠበች ስትፈታ ያሳለፍነው ግማሽ ሰዓት እስካሁን ይነሣባታል።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አትርሱ። ኢትዮጵያ በሽታው ሊገኝባቸው ከሚችሉ አገሮች ስለምትመደብ በየመግቢያው ትጠየቃላችሁ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ አንዴ ከተከተባችሁ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ካርዱን የዕድሜ ልክ አድርጎታል።

አውሮፓ፦ ወረቀቱን የሚችል ይሂድ

አትሂዱ አልልም። በኖርዌይ ትሮንዳይም እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ትልቅ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ፌስቲቫል አለ፤ ጀርመን ውስጥ ኢልመናው በምትባል ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማም በየሁለት ዓመቱ የተማሪዎች ሳምንት ይዘጋጃል። ሁለቱንም የሚያዘጋጁት ተማሪዎች ራሳቸው ናቸው፣ እንግዶቻቸውንም ከነዋሪውና ከተማሪው ጋር ነው የሚያሳድሩት። የሆቴል ወጪ ስለሚቀር ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሕክምና የምትማሩ ደግሞ ሌላ በር አላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው የዓለም አቀፍ ሕክምና ተማሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በኦገስት፣ ጠቅላላ ጉባኤ ያደርጋል፤ የአገራችን የሕክምና ተማሪዎች ማኅበርም አባሉ ነው። ማኅበር ወክሎ መሄድና በግል አመልክቶ መሄድ በኤምባሲ ዓይን አንድ አይደለም።

ችግሩ ወረቀቱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የወደቅነው እዚሁ ነውና።

በአዘጋጆች የጥያቄና መልስ ገጽ ላይ «የሼንገን ቪዛ በ15 ቀን ይሰጣል» የሚል ታነባላችሁ፤ ሼንገን ብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ቪዛ ነው። ለእኛ አይሠራም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፦ 45 ቀን፣ በዚያ ላይ የቀጠሮ ወረፋ፣ በዚያ ላይ ሰነድ መሰብሰቢያ። ደብዳቤው ከጉባኤው ሁለት ወር ቀድሞ የሚደርስ ከሆነ ጥሪው ለእናንተ አልተጻፈም።

ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። ግን ብዙ ተማሪ የማያውቀው ነገር አለ። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ወክሎ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ባዘጋጀው ሴሚናር ወይም ጉባኤ ላይ የሚሳተፍ፣ ዕድሜው ከ25 ያልበለጠ ሰው ከዚህ ክፍያ ነፃ ነው። ይህ በቪዛ ሕጉ ላይ የተጻፈ እንጂ የማንም ቸርነት አይደለም። ስለዚህ የግቢያችሁ ክበብ ወይም ማኅበር «ወክለውናል» የሚል ደብዳቤ በማኅተም ይጻፍላችሁ፣ የአዘጋጁንም ምዝገባ ጠይቁ። የማመልከቻ ማዕከሉ የራሱን የአገልግሎት ዋጋ ግን ይቀበላል። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ ፓስፖርቱም ከተመለሳችሁ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ዕድሜ ይኑረው። ደግሞም «የእገሌ አገር ኤምባሲ ይቀላል፣ እዚያ እናመልክትና ጉባኤው ወዳለበት እንሻገር» የሚል ጓደኛ በየቡድኑ አይጠፋም። ማመልከቻው የሚገባው ዋናው መድረሻ ለሆነው አገር ነው። ዝም አሰኙት።

የእኔን ክልከላ ያመጣው፣ እስከምረዳው ድረስ፣ የባንክ ወረቀቱ ነው። አጎቴ ከማመልከቻው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሒሳቤ ላይ ዳጎስ ያለ ብር አስገባልኝ። ለእኛ ይህ ወገን ማለት ነው። ወረቀቱን ለሚያይ ሰው ግን ለወራት ባዶ የነበረ ሒሳብ በአንድ ቀን ያበጠበት ነው። በኋላ የተማርኩት ብሩን ማንቀሳቀስ ሳያስፈልግ አጎቴ ራሱ ወጪ ሸፋኝ ሆኖ የስድስት ወር የሒሳብ መግለጫውን፣ የንግድ ፈቃዱንና ዝምድናችንን የሚያሳይ ሰነድ ማያያዝ እንደነበረበት ነው። ሁለተኛዋ የተከለከለች ጓደኛችን ጥፋቷ ይበልጥ ትንሽ ነበር። የግብዣ ደብዳቤዋ ስሟንና የአባቷን ስም ብቻ ይዟል፣ ፓስፖርቷ ግን አያቷንም ጨምሯል፤ የስሟም አጻጻፍ በአንዱ «ኤች» የጎደለው ነው። ያ ይሁን ሌላ ምክንያት፣ ደብዳቤው ላይ የተሞላው ሳጥን «ተመልሰው ለመውጣታቸው ማረጋገጫ አላገኘንም» የሚለው ነበር። ለአዘጋጁ ስም ስትልኩ ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል ቅዱ። እኛ ስማችንን በአማርኛ ስለምናውቀው በላቲን ፊደል እንደመጣልን እንጽፈዋለን፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው አድርጎ ያነበዋል።

የሐዋሳ ልጅ ላይ የሚጨመር ሌላም ወጪ አለ። ፓስፖርት ለማውጣት የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ከተማችን ውስጥ አለልን። ኤምባሲና የቪዛ ማዕከል ግን ሁሉም አዲስ አበባ ነው። አሻራ ለመስጠት መሄድ፣ የጎደለ ሰነድ ለማስገባት መሄድ፣ ፓስፖርት ለመቀበል መሄድ። መንገዱ በአንድ በኩል 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ማደሪያውም አለ። እኛ አራታችን በድምሩ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሰናል። ይህን ወጪ የአዲስ አበባ ተማሪ በጀቱ ላይ አይጽፍም፣ ከእሱ የተዋሳችሁት በጀትም ይጎድላል።

ስለ አሜሪካ ጥቂት ልበል። የማመልከቻ ክፍያው ከጁን 2023 ጀምሮ 185 ዶላር ነው፣ ቢከለከሉም አይመለስም። ሕጉ ራሱ እያንዳንዱን አመልካች ሊቀር እንደመጣ አድርጎ ቆጥሮ ይጀምራል፤ ተቃራኒውን በደቂቃዎች ቃለ መጠይቅ ማስረዳት የእናንተ ፋንታ ነው። ሥራ፣ ትዳርና ንብረት ለሌለው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይህ ዳገት ነው፣ ለአራት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ደግሞ ቋጥኝ። ሙሉ ወጪያችሁን የሚችል ታዋቂ ተቋም ካልጠራችሁ በቀር ገንዘባችሁን አታቃጥሉ።

ከቤት ሳይርቁ

አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። ከሃያ አገር የመጡ ተማሪዎች ያሉበት ስብሰባ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ ሲካሄድ «ውጭ አይደለም» ብሎ መተው ለእኔ አይገባኝም። የመጀመሪያ ጉባኤያችሁ ከሆነ ከዚህ ብትጀምሩ ለሚቀጥለው ማመልከቻ የሚጠቅም የምስክር ወረቀትና የሰው ትውውቅ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። በኢንተርኔት የሚደረገውን ግን ለቡድን አልመክርም። አራት ሆናችሁ አንድ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጣችሁ መብራት እስኪጠፋ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያም ሻይ ልትጠጡ ትወጣላችሁ።

ገንዘቡን እንዴት ታሰባስባላችሁ?

እቁብ እንጣል የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ እኛም ዘንድ መጣ። እቁብ ለዚህ አይሆንም። እቁብ ገንዘቡን ለአንድ ሰው በየተራ የሚሰጥ ሲሆን ጉባኤ ግን ለሁሉም በአንድ ቀን ነው የሚያስከፍለው። ዕጣ መጨረሻ የደረሰው ጓደኛ ቲኬት የሚቆርጠው ጉባኤው ካለፈ በኋላ ይሆናል። የጋራ ሒሳብ በሁለት ሰው ፊርማ ክፈቱ፣ በየወሩ እኩል አስገቡ።

የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ስትገዙ ፓስፖርትና የጉዞ ቲኬት፣ ቪዛ ለሚያስፈልግበትም ቪዛውን ትጠየቃላችሁ። በጀታችሁን በዶላር ጻፉ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ ከመቶ በላይ ወጥቷል፤ በብር ተይዞ የነበረ የተማሪ በጀት ሁሉ በዚያ ክረምት ቀልጧል።

ቲኬት ስትቆርጡ ሰዓቱን ሁለት ሰው ያንብበው። ከቦሌ የሚነሱ በረራዎች ብዙዎቹ የሌሊት ናቸው። «ማክሰኞ 00:40» የሚል ቲኬት በእኛ አነጋገር ሰኞ ማታ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከሐዋሳ የተነሣ ሰው የሚደርሰው አውሮፕላኑ ተመልሶ ከመጣ በኋላ ነው። ከሐዋሳ አውቶቡስ የሚነሣበትን ሰዓት በአገርኛው፣ አውሮፕላኑን በፈረንጅኛው አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፏቸው።

የፈተና መርሐ ግብርም ያው ነው። የአዘጋጆች ኦገስት ለእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ግቢ የሚዘጋበት። የማርችና የኤፕሪል ጉባኤ ግን ብዙ ጊዜ ከፈተና ጋር ይላተማል። ከአራታችሁ ሦስቱ አንድ ትምህርት ክፍል፣ አንዱ ሌላ ከሆናችሁ የአንዱን ፈተና ቀን ሳታዩ ጉባኤ አትምረጡ።

ስምምነቱን በጽሑፍ

ከናይሮቢው ጉዞ በፊት፣ የአውሮፓው ገና እያቃጠለን፣ ሐይቁ ዳር ያው ቦታ ተቀምጠን በደብተር ወረቀት ላይ አራት መስመር ጻፍን። አንደኛ፣ የማይመለስ ክፍያ ሁሉም ሳይስማማ አይከፈልም። ሁለተኛ፣ ከአራቱ ሁለቱ ከተከለከሉ ማንም አይሄድም። ሦስተኛ፣ የተከለከለ ሰው ያወጣው ወጪ ከጋራው ሒሳብ ግማሹ ይመለስለታል። አራተኛ፣ በድንበርም ሆነ በአየር ማረፊያ አንዱ ቢያዝ አንድ ሰው አብሮት ይቆያል፣ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ኬንያ ቪዛ ስለማትጠይቅ አራቱም መስመሮች ሥራ አልነበራቸውም፣ ግን መንገዱን ሙሉ ማንም ማንንም በጎሪጥ አላየም።

ወረቀቱ እስካሁን ነርሷ ጓደኛችን ጋ አለ። ዘንድሮ ወደ አውሮፓ የሚያመለክቱ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ምክር ሲጠይቋት ፎቶ አንሥታ ላከችላቸው። ሦስቱን መስመሮች እንዳሉ ወስደዋል። ሁለተኛውን ግን ሰርዘው ከሥሩ «የተፈቀደለት ይሂድ፤ የተከለከለውንም ሰው ጥናት በስሙ ያቅርብለት» ብለው ጽፈውበት መልሰው ላኩልን። እኛ ይህን አላሰብነውም ነበር።